በአንዲት ፊደል የእናቴን ስም ልነጠቅ ነበር

ስልኩ የተደወለው ከጅዳ ነው። መጋቢት 2016፣ ረመዳን በገባ ሰሞን። የደወለችው የቆየች ደንበኛዬ ናት። ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ከሄደች ብዙ ዓመት የሆናት ልጅ። በየዓመቱ ለጾሙ በርበሬና ሽሮ ታዘኛለች። ሌላ ጊዜ ስትደውል አገሩን፣ ሰፈሩን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠይቃ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። ያን ቀን ግን ሰላምታውን አሳጠረችው።

"እህቴ፣ ዘንድሮ በርበሬሽን ምን ነካው? አሸዋ አለው እኮ። ቀለሙም ሌላ ነው። እንግዳ ፊት አፈርኩ" አለችኝ።

እኔ ለእሷ በዚያ ዓመት አንድ ማንኪያ በርበሬ አልላክሁም። ትዕዛዝም አልደረሰኝም። "ከማን ነው ያዘዝሽው?" አልኳት። "ከአንቺ ነዋ! ከድረ ገጽሽ!" አለች። ከዚያ የከፈለችበትን ደረሰኝና የማሸጊያውን ፎቶ ላከችልኝ። ስሙ የእኛ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው የእንስራ ሥዕልም የእኛን ይመስላል። የድረ ገጹን አድራሻ አንድ ሁለቴ አነበብኩት። በሦስተኛው ነው ያየሁት። የእኛ በኬ (K) ነው የሚጻፈው። ይሄኛው በኪው (Q) ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ትንሽ ንግድ ይዘው ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ ላወጡ ሰዎች ነው። እኔ ያለፍኩበትን ከማለፋችሁ በፊት ብታውቁት ደስ ይለኛል። ጠበቃ አይደለሁም። የባልትና ነጋዴ ነኝ። ግን አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ጉዳይ ስመላለስ የተማርኩት ነገር አለ።

የሱቃችንን ስም እዚህ አልጠቅስም። ምክንያቱን ወደ በኋላ ታገኙታላችሁ። ስሙ የእናቴ የቤት ስም መሆኑን ግን ልናገር። እማዬ ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ሰው ሁሉ የሚጠራት በእሱ ነበር። የመዝገብ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛላውን ራሷ ትመርጣለች። ትቀነጥሳለች፣ ትደልዛለች፣ ታሰጣለች። ወፍጮ ቤት ስትሄድም ከማሽኑ ሥር አትነሳም፤ ከሌላ ሰው ዱቄት ጋር እንዳይቀላቀልባት። ስሟ የተከበረው በዚህ ነው። ስለዚህ ደንበኛዬ "አሸዋ አለው" ስትለኝ የሰማሁት ስለ ንግዴ ብቻ አልነበረም።

ድረ ገጹን በ2010 የሠራልን የእህቴ ልጅ ነው። ያኔ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነበር። ነጥብ ኮም ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹን አድራሻ፣ ገዛልን። ዋጋው ያኔ በዓመት አሥር አሥራ ሁለት ዶላር ቢሆን ነው። በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስም አስመዘገበው። ያኔ ማንም አላሰበበትም። ልጄ ማለት ነው፤ በማን ስም ሆነ ምን ለውጥ አለው? ለውጥ እንዳለው በኋላ አየሁ።

መጀመሪያ ያየሁት በጦርነቱ ጊዜ ነው። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ደሴ ስትያዝ እኛ ወጥተን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ነበርን። ከተማዋ ነፃ የሆነችው በኅዳር መጨረሻ ነው። በዚያ መሃል የዶሜይናችን ዓመት አለቀ። የማስታወሻ ኢሜይሎች መጥተው ነበር፤ ማን አይቷቸው? እንደ እድል ሆኖ ዶሜይን ጊዜው እንዳለፈ ወዲያው ለሌላ ሰው አይሸጥም። ለነጥብ ኮም መጀመሪያ እንደ ሻጩ ድርጅት የሚለያይ፣ እስከ 45 ቀን ሊደርስ የሚችል የማደሻ ጊዜ አለ። እሱ ሲያልፍ ተጨማሪ ቅጣት ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን አለ። ከዚያ 5 ቀን ጠብቆ ለፈለገ ሰው ክፍት ይሆናል። የእህቴ ልጅ የደረሰበት ቅጣቱ ጊዜ ውስጥ ነው። ከፈለና አዳነው። ያኔ "አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈናል" ብለን ዝም አልን። ስሙን ወደ እኔ ማዞር፣ ሌሎቹንም አጻጻፎች መግዛት የነበረብን ያን ጊዜ ነው።

ሌሎቹ አጻጻፎች የምለው ነገር ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። ፈረንጅ ስሙን የሚጽፍበት አንድ መንገድ አለው። እኛ ግን አንዱን ስም በላቲን ፊደል አራት አምስት ዓይነት እንጽፈዋለን። "ቀ"ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፋታል። "ጸ"ን አንዱ በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ። "ወሎ" ስንል እንኳ ከመጀመሪያዋ ደብልዩ ቀጥሎ አንዱ ኦ፣ ሌላው ኢ ያስገባል፤ ኤሏን የሚደግም አለ፣ የማይደግም አለ። የእማዬ ስም ውስጥ "ቀ" አለች። የጠበቀች ፊደልም አለች። ቁጭ ብለን ከእህቴ ልጅ ጋር ስንቆጥር ስሙ በስድስት መንገድ ሊጻፍ እንደሚችል አገኘን። መሃሉ ላይ ሰረዝ ሲገባ ደግሞ ይበዛል። እኛ የያዝነው አንዱን ብቻ ነበር። ደንበኞቼ ደግሞ ስሙን የሚያውቁት በጆሮ ነው። ጅዳ ያለችው ልጅ ስልኳ ላይ የጻፈችው እንደመጣላት ነው። መጣላት በኪው።

በዚያ ሰሞን በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ስለነበር እኔ ድረ ገጻችንን እንኳ የማየው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስሄድ ነው። የትዕዛዝ መቀነሱን አስተውያለሁ። ያመካኘሁት ግን በኔትወርኩና በመንገዱ ነበር። ለካ ሌላ ምክንያትም ነበረው።

የዚያን ዶሜይን ምዝገባ ሁይዝ በሚባለው የፍለጋ አገልግሎት አየነው። ባለቤቱ ስሙን ደብቋል። የተመዘገበበት ቀን ግን አይደበቅም። የእኛ 2010፣ የእሱ 2015። ልቤ አረፈ። "ቀድሜያለሁ፤ በቃ የእኔ ነው" አልኩ። የንግድ ፈቃዴን፣ የንግድ ስም ምዝገባዬን፣ የግብር ደረሰኞቼን ይዤ ፒያሳ ወዳለ አንድ ጠበቃ ሄድኩ።

ሰውየው ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ "የንግድ ምልክት ሰርተፍኬቱስ?" አለኝ።

"ይሄው!" ብዬ የንግድ ስም ምዝገባውን ሰጠሁት።

"ይሄ የንግድ ስም ነው፣ እትዬ። የንግድ ምልክት ሌላ ነው።"

ይህን ያልገባው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ቆም ብዬ ላስረዳ። የንግድ ስም ነጋዴው የሚነግድበት መጠሪያ ነው። ፈቃድ ስናወጣ ንግድ ቢሮ ይመዘግብልናል። የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃው ላይ የሚለጠፈው፣ ገዢው የእኔን በርበሬ ከሌላ ሰው በርበሬ የሚለይበት ነው። እሱን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሕጉ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይባላል። በዚህ አዋጅ በምልክቱ ላይ ብቸኛ መብት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ዶሜይን ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ዶሜይን በዓመት የምንከራየው አድራሻ ነው። የሚሸጥልን ድርጅት "ይህ ስም የማን ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል። እኔ ሦስቱንም አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው። ፈቃድ ካለኝ፣ ድረ ገጽ ካለኝ፣ ስሙ የእኔ ነው ብዬ።

ጠበቃው ሌላም ነገር ነገረኝ። የነጥብ ኮም ክርክር ፍርድ ቤት ሳይኬድም የሚታይበት መንገድ አለ። የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚመራው አይካን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ነው፤ በአጭሩ ዩዲአርፒ ይሉታል። አቤቱታውን ከሚያዩት ውስጥ ዋነኛው ጄኔቭ ያለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ዋይፖ ነው። አመልካች ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ሦስቱንም። አንደኛ፣ ዶሜይኑ መብት ካለኝ የንግድ ምልክት ጋር አንድ ነው ወይም ለማሳሳት በሚችል ደረጃ ይመሳሰላል። ሁለተኛ፣ የያዘው ሰው በስሙ ላይ መብት ወይም ሕጋዊ ጥቅም የለውም። ሦስተኛ፣ ያስመዘገበውም የሚጠቀምበትም ቅን ልቦና በጎደለው መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ላይ ኬና ኪው ብዙ አያጣላም። ሲታይም ሲጠራም ይመሳሰላል። ሰረዝ መጨመርም ሆነ መጨረሻው ላይ ያለው ነጥብ ኮም አብዛኛውን ጊዜ ለውጥ ተደርጎ አይቆጠርም። የእኔ ችግር "መብት ያለኝ የንግድ ምልክት" የሚለው ላይ ነው።

"እንግዲያው ነገ አስመዘግባለሁ" አልኩት።

"አስመዝግቢ። ግን ያ ሰው ዶሜይኑን የወሰደው በ2015 ነው። አንቺ ሰርተፍኬት የምታገኚው ከዚያ በኋላ ነው። 'ስመዘግበው ምልክቱ አልነበረም፣ ምን አውቄ ነው ክፉ ያሰብኩት?' ይልሻል።"

በእውነት ይህን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀድሜ እንደነበርኩ አገር ያውቃል። ወረቀቱ ግን አያውቅም። ሳይመዘገብም በረጅም ጊዜ አጠቃቀም የታወቀ ምልክት መሆኑን ማስረዳት የሚቻልበት መንገድ አለ። ግን በሽያጭ ደረሰኝ፣ በማስታወቂያ፣ በደንበኛ ምስክርነት መሞላት አለበት። ክፍያውም አለ። ለዋይፖ በአንድ ዳኛ የሚታይ ከአንድ እስከ አምስት ዶሜይን ያለበት አቤቱታ 1,500 ዶላር ነው። የጠበቃው ለብቻ። ያን ያህል ዶላር ከደሴ የባልትና ሱቅ ከየት ይመጣል? ያም ሆኖ ቢፈረድልኝ የማገኘው ዶሜይኑ እንዲተላለፍልኝ ወይም እንዲሰረዝ ብቻ ነው። የካሣ ብር በዚያ መንገድ የለም። ካሣ የፈለገ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት።

ጠበቃው ተስፋ እንዳልቆርጥ "አብሽሪ፣ መንገድ አይጠፋም" ብሎኝ ነበር። ከዚያ የጃፓኑን የመኪና ኩባንያ ታሪክ ነገረኝ። አሜሪካ ውስጥ የአባቱ ስም ኒሳን የሆነ ነጋዴ ነበር። የራሱ ስም ነውና ኒሳን ነጥብ ኮምን ለኮምፒውተር ሥራው ያዘው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1999 ከሰሰው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ ሰውየው ብዙ ገንዘብ ወጣበት፣ ዶሜይኑ ግን እጁ ላይ ቀረ። ጠበቃው ይህን ያነሳው "ያኛው ሰውም ስሙ የእኔ ቤተሰብ ስም ነው ሊልሽ ይችላል" ለማለት ነው። አልተሳሳተም።

ያንን ሰው ያገኘሁት በራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የቴሌግራም ቁጥር ነው። አዲስ አበባ የሚሠራ ነጋዴ ነው። የወሎ ልጅ። ስንነጋገር አወቅሁት፤ በ2013 ከእኛ በጅምላ በርበሬ ወስዶ ያውቃል። መጀመሪያ "ስሙ የአያቴም ስም ነው" አለ። ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ የቤት ስም በእኛ አገር የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ልቤ ከሁለት ተከፍሎ ነበር። የእንስራውን ሥዕል ግን አያቱ አልሰጠችውም። የማሸጊያውን ቀለምም አልሰጠችውም። ይህን ስነግረው ሁለት ቀን ዝም አለ። ከዚያ "ዶሜይኑን ከፈለግሽ 250 ሺህ ብር" ብሎ ጻፈልኝ።

ተናድጄ ልመልስለት ስል የእህቴ ልጅ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። "እንዳትጽፊ! ስክሪንሾት አንሺ" አለኝ። በኋላ ጠበቃው ያቺን መልእክት ሲያይ ፊቱ በራ። ዶሜይኑን ለምልክቱ ባለቤት ወይም ለተፎካካሪው ካወጣበት ወጪ በላይ ለመሸጥ ብሎ መያዝ በዩዲአርፒ ሕግ ራሱ የቅን ልቦና ጉድለት ማስረጃ ተብሎ ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። በጅምላ ከእኛ የገዛበት ደረሰኝም ስማችንን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር ያሳያል። ያቺን የ2013 ደረሰኝ እማዬ በባዶ የዘይት ካርቶን ውስጥ አስቀምጣት ነበር። እኔ ብሆን እጥላት ነበር።

ስለ ማስረጃ ካነሳሁ አይቀር ጥቂት ልጨምር። በዚህ ዓይነት ጉዳይ የሚያዋጣው እሱ ነውና። የሌላውን ድረ ገጽ ገጽ በገጽ ስክሪንሾት አነሳን፤ ቀኑና አድራሻው እንዲታይ አድርገን። ይህን ያደረግነው ለሰውየው ከመጻፋችን በፊት ነው። ከተጻፈለት በኋላ ሥዕሉን አውርዶታል። ያኔ ባናነሳው ኖሮ የምናሳየው አልነበረንም። የእኛን ድረ ገጽ የድሮ መልክ ደግሞ ዌይባክ ማሽን ከሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ አገኘነው። ያ አገልግሎት የድረ ገጾችን የቀድሞ ቅጂ ከነቀኑ ያስቀምጣል። የ2011 ገጻችን እንስራውን ይዞ ቁጭ ብሏል። ከጅዳና ከሌላ ቦታ በስህተት ለእሱ የከፈሉ አራት ደንበኞች ደግሞ የደረሰባቸውን በጽሑፍ ላኩልን። ሰው ተሳስቷል ብሎ ከመከራከር የተሳሳተውን ሰው ማሳየት ይበልጣል።

አንድ እንቅፋት ግን ነበር። ዶሜይናችን በእህቴ ልጅ ስም ነው ያለው። በወረቀት ሲታይ እኔ ከዚያ ድረ ገጽ ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም። ልጁ ደግ ነው፤ ወዲያው አዛወረልኝ። ድረ ገጽ የሠራላቸው ሰው ስልክ አላነሳ ብሏቸው የቀሩ ሰዎችን ግን ኮምቦልቻም ደሴም አውቃለሁ። ዛሬውኑ ዶሜይናችሁ በማን ስምና በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ ጠይቁ። ሠራተኛው ጥሩ ሰው ቢሆንም ጠይቁ። ስልክ ይጠፋል፣ ሰው አገር ይለቃል፣ እንደ እኛ ደግሞ ጦርነት ይመጣል።

የንግድ ምልክቱን ማመልከቻ ያስገባሁት በሚያዝያ 2016 ነው። መጀመሪያ ሌላ ሰው አስመዝግቦት እንደሆነ ማስፈተሽ ነበረብን። ያን ቀን እንደፈራሁ ሌላ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሰውየው ቀድሞኝ አመልክቶ ቢሆን ኖሮ በእናቴ ስም ተከሳሽ የምሆነው እኔ ነበርኩ። አላመለከተም ነበር። እሱም እንደኔ ፈቃድና ድረ ገጽ ይበቃል ብሎ ነው።

ማመልከቻው ላይ ዕቃው የሚመደብበት ክፍል ይጠየቃል። በዓለም አቀፉ የኒስ አመዳደብ 45 ክፍሎች አሉ፤ 34ቱ ለዕቃ፣ 11ዱ ለአገልግሎት። ቅመማ ቅመምና ዱቄት ክፍል 30 ውስጥ ነው የሚገቡት። ስሙን በግዕዝ ፊደልም በላቲንም፣ ከእንስራው ጋር አቀረብነው። በአማርኛ ብቻ ብታስመዘግቡ ክርክሩ የሚነሳው በላቲን ፊደል አድራሻ ላይ መሆኑን አትርሱ። ምልክታችን ላይ "የወሎ ባልትና" የሚሉት ቃላትም አሉ። በእነሱ ላይ ብቸኛ መብት እንደማይሰጠኝ ተነገረኝ። የቦታ ስምና የዕቃውን ዓይነት የሚገልጽ ቃል የማንም ነጋዴ ነው። ልክ ነው፤ ወሎን ማን በግሉ ያደርጋል? ገና ስም እየመረጣችሁ ያላችሁ ግን ይህን አስቡበት። "ደሴ ማር"፣ "ኮምቦልቻ ዳቦ" የሚል ስም ቶሎ ይለመዳል። ሌላው ሰው ተመሳሳዩን ሲይዝ ግን ይህ ነው የሚባል መከላከያ የላችሁም። ሰው ያልለመደው፣ የራሳችሁ የሆነ ቃል ይሻላል።

ምርመራው ሲያልፍ መቃወሚያ ያለው እንዲያቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል። ጊዜው 60 ቀን ነው። ምልክቱ ከተመዘገበ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ደሴ ያለ ሰው ለዚህ ሁሉ አዲስ አበባ መመላለስ የለበትም፤ ለወኪል ውክልና መስጠት ይችላል። እኔ ግን አንዴ ራሴ ሄድኩ። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ወረቀቱን በእጄ ካላስገባሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ጠበቃው ለሰውየው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ላይ ከንግድ ምልክቱ ማመልከቻ በተጨማሪ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጠቀሰ። እሱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነው። ከሌላው ነጋዴ ወይም ከዕቃው ጋር መደናገር የሚፈጥር ተግባርን ተገቢ ያልሆነ ውድድር ብሎ ይከለክላል። ለዚህ የንግድ ምልክት ሰርተፍኬት እስኪመጣ መጠበቅ የለብኝም። ይህን መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም። በእኔ ጉዳይ ሰውየውን ያነቃነቀው ይኸው ይመስለኛል።

ግን ነገሩን የጨረሱት ሽማግሌዎች ናቸው። መርካቶ ብዙ ዘመን የነገዱ ሁለት የወሎ ሰዎች፣ ከእኛ በኩል ደግሞ እማዬን ከወጣትነቷ የሚያውቁ አንድ ሐጂ። የተቀመጥነው ኮምቦልቻ ነው። ሰውየው በአውሮፕላን መጣ፣ እኛ በሐረጎ ቁልቁለት ወረድን። እማዬም መጣች። አልናገርም ብላ ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ቦርሳዋን ከፍታ ከጅዳ የተመለሰውን የእሱን በርበሬ አወጣች። ጥቂት መዳፏ ላይ አድርጋ ሰጠችው። "ቅመሰው፣ ልጄ። በዚህ ነው ስሜን የምትጠራው?" አለችው። ቀመሰው። አሸዋው ጥርሱ ላይ ሲንቋቋ እኔም ሰማሁት። አንገቱን ደፋ። "ከሌላ ሰው ገዝቼ ነው ያሸግሁት፣ እማማ" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ 250 ሺህ ብር ያነሳ የለም።

ስምምነቱ በቃል እንዲቀር ሐጂ ፈልገው ነበር። እኔ አክብሬ እንቢ አልኩ። ሽምግልና ያስታርቃል፤ ዶሜይን የሚያዛውረው ግን ወረቀትና ኮድ ነው። ጠበቃው ጻፈው፣ ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን። ዶሜይኑን የማዘዋወሪያ ኮዱን በአሥር ቀን ውስጥ ይሰጠኛል። የስሙን ሌላ አጻጻፍ አያስመዘግብም። የቴሌግራም ቻናሉን ስም ይቀይራል። የታተመ ማሸጊያውን አይጠቀምም። እኔ ዶሜይኑን ያስመዘገበበትንና ከማሸጊያው ወጪ ግማሹን እሰጠዋለሁ። ሁለታችንም የተጣላንበትን ስም ጠቅሰን በአደባባይ አንናገርም። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

ወጪውን ለምን ከፈልሽ ያሉኝ አሉ። ጥፋቱ የእሱ ነው ብለው። እኔ ግን አስልቼዋለሁ። የከፈልኩት ለዋይፖ ከምከፍለው አንድ አምስተኛ አይሞላም። ክርክሩን እንደማሸንፍም እርግጠኛ አልነበርኩም። ሰርተፍኬቱ ቀድሞ በእጄ ቢኖር ኖሮ አንድ ብር አልከፍልም ነበር።

ኮዱ በነሐሴ መጣ። ኪውዋን በእኔ ስም አዛወርናት፤ የጻፈባት ሁሉ በቀጥታ ወደ ኬው ገጻችን እንዲመጣ አደረግን። ከቀሩት አጻጻፎች ሰው ይሳሳትባቸዋል ያልናቸውን ሦስቱን ገዛን። ሁሉንም አልገዛንም፤ ማለቂያ የለውም። ዋናውን ግን የሚፈቀደውን ያህል፣ ለ10 ዓመት ከፈልንበት። ማስታወሻው አሁን በእኔም፣ በእህቴ ልጅም፣ አዲስ አበባ ባለችው እህቴም ኢሜይል ይመጣል። ሰርተፍኬቱ በጥር 2017 ደረሰ። ፍሬም ውስጥ አስገብተን ሱቁ ውስጥ ከእማዬ ፎቶ ጎን ሰቀልነው።

በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ ረመዳን ገባ። ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት ከጅዳ ትዕዛዝ መጣ። ሁለት ኪሎ በርበሬ፣ ሦስት ኪሎ ሽሮ። የእህቴ ልጅ ከየት እንደገባ አይቶ ጠራኝ። አሁንም የጻፈችው በኪው ነው።